ግራ እግር ሾፌር አያደርግም

ዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ስንወርድ ቀድሞ የደረሰን ሽታው ነበር። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሽታው የእኛ መኪና አልነበረም። ከፊታችን ሲሚንቶ ጭኖ የሚወርድ ባለ ተሳቢ ነበር፤ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል። መንገዱ እዚያ ላይ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው አፈር ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህም እዚያም ተጨማድዷል፤ መታጠፊያው ደግሞ ማለቂያ የለውም። ያሳፈሩኝ ሾፌር፣ በመንገዱ ላይ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ብሎ የሚጠራቸው፣ የራሳቸውን መኪና ያዝ አደረጉና «ማርሽ ስቷል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ማርሽ መሳት ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ቁልቁለቱ ሲበረታበት ሾፌሩ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ሊያወርድ ይፈልጋል። አምስተኛውን ይነቅላል። በዚያች ቅጽበት ሞተሩና ጎማው ተለያይተዋል፤ የሚይዘው የለምና መኪናው ፍጥነት ይጨምራል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር አራተኛው ግርርር እያለ አልገባም ይላል። አምስተኛውም ተመልሶ አይገባም። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ቶን የተንጠለጠለው በፍሬን ሸራ ብቻ ነው፤ ሸራ ደግሞ ከመጠን በላይ ከጋለ አይዝም።

ተሳቢውን የሚነዳው ልጅ ዕድለኛ ነበር። ተራራው በራሱ በኩል የሆነበት መታጠፊያ ላይ ደርሶ ስለነበር የፊት ጎማውን ቦይ ውስጥ ሰክቶ፣ የጭነቱን ጎን ከቋጥኙ ጋር እያፋጨ ቆመ። ሮጠን ስንደርስ ከጋቢናው አልወረደም። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። ፊቱ ጸጥ ብሏል፤ የግራ ጉልበቱ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ማታ ደጀን ሻይ ቤት ውስጥ ወሬው ይኸው ሆነ። አምስት ስድስት ሾፌሮች፣ ሁለት ረዳቶችና እኔ። ከመሃላቸው አንዱ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መታ አድርጎ «አውቶማቲክ ቢሆን ኖሮ ይሄ ልጅ ዛሬ ዓባይ ውስጥ ነበር» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጋሼም ነቀነቁ። እኔ እንግዳ ስለነበርኩ ሻዬን ፉት እያልኩ ዝም አልኩ። ያን ማታ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እስቲ አስቡት። ከሰዓታት በፊት አንድ ወጣት በእጅ ማርሽ ሊሞት ነበር። ሞተሩን ከጎማው የለየው፣ አልገባም ብሎ ያስጨነቀው የእጅ ካምቢዮ ነው። የተፈረደበት ግን በቦታው ያልነበረው አውቶማቲክ ነው። ተከሳሹ በሌለበት፣ በከሳሹ ጥፋት!

ይህ የሻይ ቤት ወሬ ብቻ ቢሆን መጣጥፍ አያስጽፍም ነበር። ግን አስመጪው ቢሮ ውስጥም አለ፤ የባለንብረቶች ስብሰባ ላይም አለ፤ ብድር ወስዶ የመጀመሪያ መኪናውን ሊገዛ ያሰበ ሰው ወዳጆቹን ሲያማክርም የሚሰማው ይኸንኑ ነው። አውቶማቲክ ለቤት መኪና እንጂ ለጭነት አይሆንም። የአገራችንን ዳገትና ቁልቁለት አይችልም። ነዳጅ ይበላል። ሲበላሽ የሚሠራው የለም። መጨረሻ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በሳቅ መሃል፣ «ደግሞ የሴት መኪና ነው» ይጨመርበታል።

እምነቱ ከየት እንደመጣ ቋንቋችን ራሱ ይናገራል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ፊልትሮ፦ መንዳትን የተማርነው በጣሊያን ቃል ነው። ትሬንታ ኳትሮና ኤንትሬ የሚባሉት የጭነት መኪኖችም የፊያት ሥራ ነበሩ። በዚያ ዘመን የከባድ መኪና ካምቢዮ ማርሽ የሚቀበለው በልመና ነበር፦ ፍሪሲዮን ረግጦ መንቀል፣ መልቀቅ፣ ነዳጅ ሰጥቶ የሞተሩን ዙር ከሚገባው ጥርስ ዙር ጋር ማመጣጠን፣ እንደገና ረግጦ መክተት፤ ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። ጆሮ የሌለው ሰው አይነዳውም። ዓመታት ጎማ ሲፈታ፣ ታኮ ሲያደርግ የኖረ ረዳት መሪ የሚሰጠው ያን ድምፅ መለየት ሲጀምር ነበር። በእንዲህ ያለ ሙያ መኩራት ተገቢ ነው። እኔን የሚገርመኝ መኪናው ከመንገድ ከወጣ በኋላ ኩራቱ ብቻውን መንዳቱን መቀጠሉ ነው።

ክርክሩ ገና ከስሙ ይበላሻል። «አውቶማቲክ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ቢያንስ ሁለት የተለያየ ፍጥረት ነው። (ባለ ሁለት ፍሪሲዮን የሆነ ሦስተኛም አለ፤ ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ2014 ለተሳቢ አውጥቶታል። እኛ መንገድ ላይ ስላላጋጠመኝ እዘለዋለሁ።)

አንደኛው የዘይቱ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም፤ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ዘይት የሞላበት ድፍን ከበሮ አለ። ሞተሩ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ካምቢዮውን ይገፋል። መኪናው ሲነሳ የሚቃጠል ሸራ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ቢቆምና ቢነሳ አይሰለቸውም። የዚህ ወገን ትልቁ ስም የኢንዲያናፖሊሱ አሊሰን ነው። የአሜሪካን ቢጫ የተማሪዎች አውቶቡስ፣ የቆሻሻ መኪና ወይም የእሳት አደጋ መኪና ሥሩን ብታዩ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት የእርሱን ካምቢዮ ነው። ዓይነቶቹን በቁጥር ይጠራቸዋል፦ 1000 እና 2000 ለቀላሉ ጭነትና ለትንሹ አውቶቡስ፣ 3000 ለመካከለኛው፣ 4000 ለከባዱ። እዚህ አገር «አውቶማቲክ» ሲባል ሰው የሚያስበው ይህንን ነው፤ ለዚያውም የሚያስበው የቤት መኪና ውስጥ ያለውን ትንሽ ወንድሙን ነው።

ሁለተኛው አሁን በረጅም መንገድ ተሳቢዎች ላይ የሚመጣው ነው። ይህኛው የዘይት ከበሮ የለውም። ጥርሱ፣ ዘንጉ፣ ፍሪሲዮኑ ሁሉ የእጅ ካምቢዮ ነው፤ የተለወጠው እጁ ነው። ማርሹን የሚገፋው በኮምፒውተር የሚታዘዝ የአየር ፒስተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የቮልቮ አይ-ሺፍት፣ የስካኒያው ኦፕቲክሩዝ፣ የመርሴዲሱ ፓወርሺፍት፣ ለብዙ ፋብሪካዎች የሚቀርበው የዜድኤፍ ትራክሰን ከዚህ ወገን ናቸው። (ሳላነሳ ባልፍ የሚቆጨኝ ነገር፦ አሊሰንም ዜድኤፍም የተመሠረቱት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። አንዱ የእሽቅድምድም መኪና ማሰናጃ ሆኖ ነው የጀመረው፤ ሌላው ዜፔሊን ለሚባሉት የአየር መርከቦች ጥርስ ሊቆርጥ። ያኔ ስለ ሲሚንቶ ተሳቢ ያሰበ አልነበረም።)

አሁን የምለውን ጋሼ ቢሰሙልኝ ደስ ይለኛል። የአይ-ሺፍት ዋና ጥርሶች ሲንክሮ የላቸውም፤ ማለትም ዙርን ከዙር ጋር የሚያስማማው ቀለበት የለም። ታዲያ ማርሽ ሲያወርድ ምን ያደርጋል? ጥርሱን ይነቅላል፤ ለሞተሩ ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን ከፍ ያደርጋል፤ ሲመጣጠን ይከታል። ማርሽ ሲጨምር ደግሞ የውስጡን ዘንግ በትንሽ ፍሬን አዘግይቶ ይከታል። ይህ የኤንትሬ ሾፌሮች በጆሯቸውና በእግራቸው ይሠሩት የነበረው ሥራ ነው! ኢንጂነሮቹ ያን ጥበብ ወስደው ለማይደክም እጅ አስተማሩት። አውቶማቲክን የሚንቅ አሮጌ ሾፌር የሚንቀው የገዛ ደቀ መዝሙሩን ነው። ደቀ መዝሙሩ ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ሌሊቱን ሲነዳ ቢያድር ጆሮው አይዝልም። የሚገባው ማርሽ ሞተሩን ከልክ በላይ የሚያስጮህ ከሆነም ያለውን ማርሽ አይነቅልም፤ እምቢ ይላል። የዓባዩ ልጅ ያጣው ይህችን እምቢታ ነው።

ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ፤ ዋናው ክስ እዚያ ነውና። «አውቶማቲክ አይዝም» የሚለው ነገር ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። የድሮው የዘይት ካምቢዮ መቆለፊያ ስላልነበረው ቁልቁለት ላይ ጎማው ሞተሩን መልሶ ሊገፋ ሲሞክር ዘይቱ ውስጥ ይንሸራተት ነበር፤ የሞተር መያዝ ይላላል። የዛሬው ግን በፍጥነት ሲሄድ ከበሮውን ቆልፎ ሞተርና ጎማን የሚያገናኝ ፍሪሲዮን በውስጡ አለው። ሁለተኛውን ወገን ደግሞ ጉዳዩ ጭራሽ አይመለከተውም፤ ብረት ለብረት የተያያዘ ነው፣ ልክ እንደ እጁ። እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው። ከእንጦጦ በቪትዝ «ዲ» ላይ አድርጎ የወረደ ሰው ግርጌው ጋ ፍሬኑ ሲሸተው ይደነግጣል፤ ያን ድንጋጤ ይዞ ባለ 40 ቶን ተሳቢ ላይ ይፈርዳል። ቪትዙም ቢሆን «ኤል» የሚል ቦታ ነበረው፤ አልነካውም እንጂ።

ከባድ መኪናን ቁልቁለት ላይ በደህና የሚያወርደው ሪታርደር ነው። ሪታርደር ካምቢዮው ላይ ወይም ከኋላው የሚገጠም፣ በራሱ ዘይት ግፊት የሚዞረውን ዘንግ የሚያዘገይ መሣሪያ ነው። ሸራ የለውም፤ የሚፈጥረው ሙቀት በውሃው በኩል ወደ ራዲያተር ሄዶ በነፋስ ይበተናል። ስለዚህ ራዲያተሩ እስከቻለ ድረስ ይይዛል። አሊሰን ከካምቢዮው ጋር አብሮ ይሠራዋል፤ ዜድኤፍ ኢንታርደር ይለዋል። የእግር ፍሬኑ እስከ ታች ድረስ ቀዝቅዞ ይቆያል፤ በእውነት ሲፈለግ፣ አህያ ድንገት መንገድ ስትገባ ማለቴ ነው፣ ሙሉ ጉልበቱ አለው። የእጅ ካምቢዮ ላይም ሪታርደር ማስገጠም ይቻላል፤ ይህን አልክድም። በአውቶማቲኩ ግን ማርሹ፣ የሞተር ፍሬኑና ሪታርደሩ በአንድ ኮምፒውተር ስለሚታዘዙ ሾፌሩ ሪታርደሩን ሲጎትት ማርሹ ራሱ ወርዶ ሞተሩን ያግዛል።

አስማት ነው አልልም። ሾፌሩ የሞተር ፍሬኑን ካላበራ ወይም ማርሹን በእጅ ካልቆለፈ፣ ማሽኑ ዙር ለመቀነስ ቁልቁለት ላይ ወደ ላይ ሊለውጥ ይችላል። አንዳንዶቹ ደግሞ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ራሳቸው ባዶ ማርሽ ይሆናሉ፤ ፍጥነት ሲጨምር ወይም ፍሬን ሲነካ ይመለሳሉ። ይህን ያልተነገረው ሾፌር ዓባይ በረሃ ላይ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። መማር ይፈልጋል። ትምህርቱ ግን የአንድ ቀን ነው፤ የኤንትሬው ጆሮ ዓመታት ይወስድ ነበር።

ዴንቨር የሚኖር አብሮ አደጌ አለ። እዚህ ሳለ ሲኖ ይነዳ ነበር፤ አሁን ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ተሳቢ ይጎትታል። መንገዱ ሮኪ ተራሮችን በአይዘንሃወር ዋሻ ያቋርጣል፤ ዋሻው ከባሕር ጠለል 3,400 ሜትር ላይ ነው፣ ከጣርማበርም በላይ። ከዋሻው በኋላ ቁልቁለት ነው፤ ጎን ለጎን ፍሬን ለበጠሰ መኪና የተሠሩ የጠጠር መውጫዎች አሉ። አውቶማቲክ ነው የሚነዳው። መንጃ ፈቃዱን የተፈተነው በአውቶማቲክ ስለሆነ ካርዱ ላይ «ኢ» የምትል ፊደል ተጽፋለች፤ በአሜሪካ ሕግ የእጅ ማርሽ ያለው ከባድ መኪና እንዳይነዳ ማለት ነው። አገር ቤት ለዓመታት የእጅ ማርሽ የነዳ ሰው! ስልክ ስንደዋወል ለቀልድ «ኢ» እያልኩ እጠራዋለሁ። አንድ ቀን ግን ቀልዱን ትቶ «አንተ፣ እዚህ ስለ ካምቢዬ የሚጠይቀኝ የለም፤ ጣቢያ ላይ ሲያስቆሙኝ የሚያዩት ፍሬኔን ነው» አለኝ። አሜሪካም ቢሆን ባለ 13ና ባለ 18 ማርሹን ኢተን ፉለር ያልነዳ ሾፌር አይባልም የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። መኪኖቹ ግን ጥለዋቸው ሄዱ።

ስለ ነዳጅ ብዙ አልልም። መቆለፊያ ያልነበረው የዘይት ካምቢዮ ይበላ ነበር፤ እውነት ነው። የዛሬው የተሳቢ አውቶማቲክ የጭነቱን ክብደትና የመንገዱን ዳገት ለክቶ ሞተሩን ቁጥብ በሚሆንበት ዝቅተኛ ዙር ላይ ያቆየዋል። እጅግ ጎበዝ ሾፌር በእጅ ማርሽ ይስተካከለዋል። ደካማው፣ የደከመውና የተናደደው ግን አይስተካከለውም፤ ባለንብረቱ የቀጠረው የትኛውን እንደሆነ ናፍታው ካለቀ በኋላ ነው የሚያውቀው። ለዚያውም «ነዳጅ ቆጣቢ» የሚባሉት ሾፌሮቻችን ቁልቁለት ላይ ባዶ ማርሽ አድርገው ይለቁታል። በአሁኑ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ የሚረጨው ናፍታ ይቋረጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ባዶ ማርሽ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍታ ይጠጣል። ቆጣቢው ናፍታውንም የሞተር ፍሬኑንም አንድ ላይ ይጥላል።

«የሴት መኪና» የሚለውን ሳቅ በሳቅ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ሥር ስላለው አላልፈውም። ኤብራምስ የሚባለው የአሜሪካ ታንክ ከ60 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ካምቢዮው ኤክስ1100 የተባለ የአሊሰን አውቶማቲክ ነው። ካተርፒላር 797 የተባለው የማዕድን ገልባጭ ከ360 ቶን በላይ ይጭናል፤ ሰባት ማርሽ አለው፣ አውቶማቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊድን፣ ጎተንበርግ ወደብ ላይ አንድ ቮልቮ ኤፍኤች16 ሃያ ተሳቢ በ40 ኮንቴይነር አስከትሎ በድምሩ 750 ቶን ከቆመበት አንቀሳቅሷል፤ ካምቢዮው አይ-ሺፍት ነበር። ሩቅ ሳንሄድ፣ መንገድ ሥራ ላይ ያለውን ሎደር ተመልከቱ። ኦፕሬተሩ የግራ እግሩን ለማርሽ አይጠቀምባትም፤ ቶርክ ኮንቨርተር ነው። ያን ኦፕሬተር ግን «ቀጥ ያለ ባለሙያ» ብለን እናደንቀዋለን። ሴቶችን በተመለከተ፣ በአውቶማቲክ ምክንያት ብዙ እህቶቻችን ተሳቢ ላይ ቢወጡ ባለንብረቱ ምን ይጎዳል? ሾፌር ጠፋ እያለ የሚያማርረው እርሱ ራሱ ነው።

አሁን ከባዱ ክስ፦ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሞኝ አይደለም። ገንዘቡን ያወጣው እርሱ ነው።

ቃሊቲ ውስጥ አንድ ጋራዥ አዘወትራለሁ። ባለፈው ዓመት ከግቢው ጥግ አራት ወር ሙሉ የቆመ ተሳቢ ጎታች ነበር፤ ጎማው ሥር ሣር በቅሏል። ባለንብረቱ በየሳምንቱ እየመጣ ያየው ነበር፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ። አውቶማቲክ ነው። ማርሽ እየሰደደ፣ እየተወ፣ በመጨረሻ አልነሳም አለ። መኪናውን የሸጠለት ድርጅት የሚመረምረው ሰው ላክሁ ሲል፣ ኮምፒውተሩ ጉምሩክ ላይ ነው ሲል ወራት ሄዱ። በስተመጨረሻ ሲከፈት የተገኘው ውሃ ነው። የአየር ማድረቂያው ፊልትሮ መኪናው ከገባ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም፤ እርጥበቱ ወደ ማርሽ መግፊያው ቫልቮች ገብቶ አዝጓቸዋል። ጥርሶቹን አየኋቸው፤ እንደ አዲስ ነበሩ። መካኒኩ ያችን አሮጌ ፊልትሮ አንስቶ ሲገለብጣት ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

ባለንብረቱ ያን ቀን «ሁለተኛ አውቶማቲክ አልገዛም» ብሎ ማለ። ንዴቱ ገባኝ። አራት ወር የባንክ ዕዳ እየቆጠረ ነው የኖረው። ግን ፍርዱ የተላለፈው በማን ላይ ነው? መመርመሪያና መለዋወጫ ሳያዘጋጅ፣ አንድ መካኒክ ሳያሠለጥን መኪና የሸጠው ሰው በነፃ ተለቀቀ። ፊልትሮ መቀየር ያለበትን ቀን ያልያዘው የጥገና መዝገብ በነፃ ተለቀቀ። ካምቢዮው ተፈረደበት።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ጋራዥ፣ አሥር እርምጃ ርቆ የእጅ ማርሽ ያለው ሌላ ጎታች ካምቢዮው ወርዶ ነበር። የፍሪሲዮን ሸራው እስከ ሪቬቱ አልቋል፤ ቮላኖው በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፣ ላዩ ተሰነጣጥቋል። ሾፌሩ ድንበር ላይ ሰልፍ ሲይዝ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ መኪናውን ዳገት ላይ በሸራው ያቆመው ነበር፤ ፍሬን መያዝ እያለ። ሦስተኛ ጊዜው መሆኑን መካኒኩ ነገረኝ። ባለንብረቱን «ምን ሆነ?» ስለው ትከሻውን ነቅንቆ «ሸራ ነው፣ ያልቃል» አለኝ። ለአውቶማቲኩ ብልሽት መሐላ፣ ለእጁ ብልሽት ትከሻ። ሒሳቡን ጎን ለጎን የሚጽፍ ባለንብረት እስካሁን አላየሁም፦ የሸራውን፣ የቮላኖውን፣ የተፈጨውን ጥርስ፣ የቆመበትን ቀን። ቢጽፍ ብዙ ክርክር እዚያው ያልቅ ነበር።

አውቶማቲኩ ጋራዥ አያውቅም ማለቴ አይደለም። የሁለተኛው ወገን ፍሪሲዮን ዳገት ላይ በነዳጅ ብቻ መኪናውን ለመያዝ የሚሞክር ሾፌር ካገኘ ያው ይቃጠላል። ዘይቱ ፋብሪካው ያዘዘው ዓይነት ካልሆነ፣ ባትሪው ደካማ ከሆነ፣ ሽቦው ውስጥ አቧራና ውሃ ከገባ ያስቸግራል። ሰንሰሯ ትንሽ ናት፣ ዶላሯ ግን ትልቅ ነው። ይህ ሁሉ የግዢና የጥገና ጉዳይ ነው። ኮመን ሬል ሞተር ሲመጣ የተባለውን የማስታውስ ሰው ነኝ፦ ኮምፒውተር ያለው ሞተር በረሃ አይሠራም ይባል ነበር። ዛሬ መርጫውን ፈትቶ የሚፈትሽ ልጅ በየሰፈሩ አለ። እነዚህ ልጆች ካምቢዮውንም ይማሩታል፤ የሚያስተምራቸው ከተገኘ፣ መኪናውም ከመጣላቸው። ሳይመጣ የሚማር የለም። ለምን አይመጣም? የሚሠራው ስለሌለ። ለምን የሚሠራው የለም? ስላልመጣ። በዚህ ዓይነት ክብ ስንዞር መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ወሰነ፤ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በኤሌክትሪክ መኪና መንዳት የሚጀምር ወጣት ፍሪሲዮን የሚባል ነገር በእግሩ ሳይነካ ሊያረጅ ይችላል። ነገ የጭነት ሾፌር ሲሆን በግራ እግሩ ፈትናችሁ ልትጥሉት ነው?

አንድ ነገር ለተቃዋሚዎቼ እተዋለሁ። አሸዋ ወንዝ ውስጥ ለሚገባ፣ ከዋናው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ገብቶ ድንጋይ ለሚጭን፣ ኮምፒውተር የያዘ መካኒክ ሊደርስለት ለማይችል ገልባጭ ዛሬ የእጅ ማርሽ ብገዛ አላፍርም። የጅቡቲ መስመር ግን እንዲህ አይደለም። አስፋልት ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ ሰልፍ ነው፣ እንቅልፍ የሌለው ሌሊት ነው። አውቶማቲክ የተሠራው ለዚህ ነው።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ጋሼን ማርሽ ሲለውጡ አስተዋልኳቸው። እስከ ሃያ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። ውብ ነበር፤ አንዴም ጥርስ አላስጮሁም። ግራ ጉልበታቸውን ግን በየመሃሉ በመዳፋቸው ያሹ ነበር። ሥራ ከጀመሩ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ በመመለስ ፈንታ ጉልበታቸውን እያሳዩ «ይሄን ጠይቀው» አሉኝ።

የዓባዩ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሥራው መመለሱን ሰማሁ። መኪናው ያው ነው፤ ካምቢዮውም ያው። የፍሬን ሸራው ብቻ ተቀይሯል። ባለንብረቶች፣ የሚቀጥለውን መኪና ስታዝዙ ፕሮፎርማውን ገልጣችሁ እዩ፤ «ሪታርደር» የሚል መስመር ከሌለበት አትፈርሙ።